የአክስቴ ኤምአርአይ

ባለፈው ዓመት ለአክስቴ የአንገት ኤምአርአይ ምርመራ ገንዘብ ላክሁ። ሐኪማቸው ምርመራውን አላዘዘም፤ እርሳቸውም አልጠየቁኝም። ከሜሪላንድ ሆኜ በስልክ የወተወትሁት እኔ ነበርሁ። ሙያዬ ምጣኔ ሀብት ነው፤ መረጃ ዋጋ የሚኖረው መቼ እንደሆነ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከትንተናው ጋር ኑዛዜም አለበት።

አክስቴና እኔ አንድ በሽታ እንጋራለን። ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 በአራት ሴቶች ላይ አይቶ የገለጸውና ዛሬም በስሙ የሚጠራው የታይሮይድ ሕመም ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል በአንገት ፊት ለፊት የሚገኘውን፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለውን ዕጢ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ቀስ በቀስ ያጠቃዋል። ዕጢው ሲዳከም ሰውነት ጉልበቱን የሚጠቀምበትን ፍጥነት የሚወስነው ሆርሞን ያንሳል፤ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የክብደት መጨመርና የሐሳብ መፍዘዝ ይከተላሉ። በሽታው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ እጅግ ይበዛል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥም ይደጋገማል።

ሕመሜን ባወቅሁ ጊዜ መጀመሪያ የፈለግሁት ዕጢዬን በምስል ማየት ነበር። አሁን ሳስበው ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ ምን ያህሉ እንደጠፋ፣ ምን ያህሉ እንደቀረ ማወቅ ፈለግሁ። ሁለተኛውን ለመናገር ያሳፍረኛል። ድካሜን ስንፍና አድርገው ለሚተረጉሙ ሰዎች፣ ራሴንም ጨምሮ፣ የማቀርበው ማስረጃ ተመኘሁ። በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር እምብዛም ሰው አያሳምንም፤ የተጎዳ አካል ምስል ግን ያሳምናል።

ሐኪሜ በትዕግሥት አዳመጠችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «ምስሉ ዕጢሽ ክፉኛ ተጎድቷል ቢል ምን የተለየ ነገር እናደርጋለን? እምብዛም አልተጎዳም ቢልስ?» መልስ አልነበረኝም። በሁለቱም መንገድ የምውጠው ኪኒን ሊቮታይሮክሲን ነው፤ መጠኑንም የሚወስነው የደም ምርመራ ነው። ይህ ጥያቄ በእኔ ሙያ ሀሁ መሆኑ ነበር ይበልጥ ያሳፈረኝ። መረጃ ዋጋ የሚያወጣው ውሳኔን ሊለውጥ ሲችል ነው።

ኤምአርአይ በታይሮይድ ላይ ምንም አያሳይም ማለት ግን ስሕተት ነው። መሣሪያው በብርቱ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት በሰውነት ውስጥ ካለው ውኃ ምልክት ይሰበስባል፤ እንደ ሲቲ ስካን በጨረር አይጠቀምም። የተቆጣ የሰውነት ክፍል ውኃ ይበዛበታል፤ ጠባሳ የሆነው ያንስበታል። በመሆኑም የሃሺሞቶ ዕጢ በምስሉ ላይ ወጥነት የጎደለው፣ በጠባሳ መስመሮች የተከፋፈለ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ውኃ በዕጢው ውስጥ የሚንቀሳቀስበትን ሁኔታ በመለካት አንዱን የታይሮይድ ሕመም ከሌላው ለመለየት የሞከሩ ተመራማሪዎችም አሉ። ነገር ግን ምራቅ መዋጥና መተንፈስ ምስሉን ያደበዝዙታል። ዕጢው ከቆዳ ሥር ቅርብ በመሆኑም አልትራሳውንድ በአነስተኛ ወጪ ጥቃቅን ዝርዝሩን ያሳያል። ለአልትራሳውንድም ቢሆን ገደብ አለው። የአሜሪካ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ምክር፣ የደም ውጤት ስለተዛባ ብቻ፣ በእጅ ሲዳሰስ አንገት ላይ የተለየ ነገር ሳይገኝ፣ አልትራሳውንድ በዘልማድ አይታዘዝ ብለዋል።

ምክንያቱ ለምጣኔ ሀብት ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ግድግዳው የተሰነጠቀ ፋብሪካ ሙሉ ምርት ሊሰጥ ይችላል፤ ውጫዊ ገጽታው ያማረውም ሥራ አቁሞ ሊሆን ይችላል። የምርት እጥረት መኖር አለመኖሩን ማወቅ የፈለገ ሰው ፋብሪካዎችን ፎቶ አያነሳም፤ ገበያ ወርዶ ዋጋ ይጠይቃል። በሰውነታችን ውስጥ ይህን የዋጋ ምልክት የሚሰጠው ከአንጎል ሥር የሚገኘው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን በጥቂቱ ሲያንስ ፒቱታሪ የሚያመነጨው ቲኤስኤች በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በአንድ ብልቃጥ ደም የሚታወቀው ቲኤስኤች፣ ምስል ገና ምንም ሳይናገር እጥረቱን ይናገራል።

ያለ በቂ ምክንያት ማየት ደግሞ ከገንዘብ ያለፈ ዋጋ ያስከፍላል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ብሔራዊ የካንሰር ቅድመ ምርመራ ስትጀምር ታይሮይድ በዝርዝሩ አልነበረም፤ ሆኖም ብዙ የጤና ተቋማት የአንገት አልትራሳውንድን በጥቂት ተጨማሪ ክፍያ ያቀርቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታይሮይድ ካንሰር ምርመራ ውጤት ከ1993ቱ 15 እጥፍ ደረሰ፤ በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልቀነሰም። ያለ ምንም ጉዳት ዕድሜያቸውን ሊጨርሱ ይችሉ የነበሩ ብዙ ሰዎች ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ የዕድሜ ልክ ኪኒን ጥገኛ ሆኑ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ብሂላችን በሽታ ስለተደረበበት ሰው ይናገራል፤ እዚህ ግን ጆሮ ደግፉን የደረበው ምርመራው ራሱ ነው።

ኤምአርአይ ውሳኔን የሚለውጥበት ቦታ አለ። እንቅርቱ ወደ ታች አድጎ ከደረት አጥንት ጀርባ ሲገባና የአየር ቧንቧን ሲጫን፣ ቀዶ ሐኪሙ ከመቅደዱ በፊት መጠኑን ማየት አለበት። ግሬቭስ በሚባለው ሌላው የታይሮይድ ሕመም ዓይን ወደ ውጭ ሲገፋም ምስሉ የዓይን ጡንቻዎች ገና በቁጣ ላይ መሆናቸውን ወይም ወደ ጠባሳ መለወጣቸውን ለመለየት ይረዳል፤ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት ለመጀመሪያው እንጂ ለሁለተኛው እምብዛም አይጠቅምም። በእነዚህ ሁኔታዎች የሐኪሜ ጥያቄ መልስ አለው።

ይህን ሁሉ ለራሴ ከተቀበልሁ በኋላ ነው ተቃራኒውን ያደረግሁት። አዲስ አበባ ያሉት አክስቴ የኪኒናቸው መጠን ከፍ ቢደረግም ቲኤስኤቻቸው አልወርድ አለ። በስልክ ድምፃቸው ሲደክም ስሰማ የማስተምረው ሁሉ ጠፋብኝ። ሐኪሜ ለእኔ አያስፈልግሽም ያለችኝን ምርመራ ለአክስቴ ገዛሁ። የምርመራው ክፍያ ለብዙ ወራት ኪኒን ይበቃ ነበር። ውጤቱ ዕጢው ማነሱንና ወጥነት ማጣቱን ገለጸ። ይህን የደም ምርመራው ከዓመታት በፊት ነግሮን ነበር።

ከወር በኋላ ኪኒናቸውን ሊገዙ በሄዱበት መድኃኒት ቤት የምትሠራ ወጣት «እማማ፣ እንዴት ነው የሚወስዱት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ቁርሴን ቀምሼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ነዋ! መድኃኒት በባዶ ሆድ ይወሰዳል እንዴ?» አሉ። ሊቮታይሮክሲን ግን የሚወሰደው በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው፤ ቡና ሆድ መድኃኒቱን እንዳይመጥ ያደርጋል። እኔ በየማለዳው ይህን ሰዓት የምጠብቅ ሰው፣ በዚያ ሁሉ የስልክ ጥሪ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ለምን እንዳልጠየቅሁ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ለቡና ጥያቄ ገንዘብ መላክ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ከሩቅ ላለ ሰው ያደረገው ነገር አይመስለውም። ኤምአርአይ ደረሰኝ አለው፣ ፊልም አለው፣ መላኬን ይመሰክራል። እኛ በውጭ የምንኖር ሰዎች ለዘመድ ሕክምና ገንዘብ ስንልክም ሆነ ለሆስፒታል መሣሪያ ስናዋጣ ዓይን የሚሞላውን እንመርጣለን፤ የላቦራቶሪ ኬሚካል እንዳያልቅ፣ የኪኒን አቅርቦት እንዳይቋረጥ፣ ለበሽተኛው አወሳሰዱን የሚያስረዳ ሰው እንዲኖር ማድረግ ግን ፎቶ የለውም። አሁን ገንዘብ ከመላኬ በፊት የሐኪሜን ጥያቄ ለሐኪማቸው አቀርባለሁ፤ ቀጥሎም ኪኒኑ በትክክል እየተወሰደ መሆኑን እጠይቃለሁ።

ሆኖም ፊልሙ ከንቱ ነበር ለማለት አልደፍርም። አክስቴ ለጎረቤቶቻቸው አሳይተውታል፤ ድካማቸውን እርጅና ነው ይሉ የነበሩ ሰዎች ያን ጊዜ አመኗቸው። እኔም ለራሴ የተመኘሁት ይህንኑ ነበር። መታመን ዋጋ አለው፤ ያስቆጨኝ ይህን ለማግኘት ማግኔት ውስጥ መግባት ማስፈለጉ ነው።

አሁን ኪኒናቸውን ጎሕ ሲቀድ በውኃ ይወስዳሉ፤ ቡናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይፈላል። ከስምንት ሳምንት በኋላ ደማቸው በድጋሚ ሲመረመር ደወሉልኝ፦ «ልጄ፣ ቁጥሩ ወርዷል አሉኝ።» ፊልሙንስ ምን አደረጉት ብዬ ጠየቅኋቸው። ከሠርግ ፎቶዎቻቸው ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውታል፤ «አንቺ የላክሽልኝ አይደል?» አሉኝ።