ያልሸጥነው ድንች

ይህን የምጽፈው ድንች፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ የሚያለማ ሰው እንዲጠነቀቅ፣ ደርሶበት ከሆነም እንዲጽናና ነው።

ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው፤ የምንተዳደረው ግን አጎቴ ኮምቦልቻ ዳር ባላቸው የመስኖ ማሳ ነው። በዚያ ዓመት ከደጋ የመጣ የድንች ዘር ገዝተን ተከልን። ዘሩ ቁስልም ብስባሽም አልነበረበትም።

አበባ ሲጀምር ጥቂት ተክሎች ቀትር ላይ ጠውልገው ማታ ቀና አሉ። ውሎ አድሮ ማታም መቃናቱን ተዉት። አፈሩ እርጥብ ነው፣ ቅጠሉም አልገረጣም፤ ከነአረንጓዴነቱ ይደርቃል። መጠውለጉ የመስኖውን ቦይ ተከትሎ ቁልቁል ሲወርድ ፈራሁ። የዓመት ወጪያችንን የምንሸፍነው በዚያ ድንች ነበር።

የቀበሌዋን የልማት ሠራተኛ ጠራን። አንዱን ግንድ ከአፈሩ ጠጋ አድርጋ ቆረጠችና ጫፉን ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥላ ያዘችው። ጥቂት ቆይቶ ከተቆረጠው አፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ወረደ።

«አባቴ፣ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው» አለች።

«ምን እንርጨው?»

«የሚረጭ መድኃኒት የለውም።»

ራልስቶኒያ የሚባለው ባክቴሪያ ከአፈር በሥር ቁስል ገብቶ የተክሉን የውሃ መተላለፊያ እንደሚደፍን አስረዳችን። በብርዳማው ደጋ ምልክት ሳያሳይ ዘሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ ሙቀት ሲያገኝ ይነሣል።

ጤነኛ ከሚመስለው መስመር ድንች ቆፈርን። አንድ ነጋዴ ለዘር ሊገዛን ተስማምቶ ነበር። ሠራተኛዋ አንዱን ለሁለት ከፈለችው። ከልጣጩ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ታየ፤ ጨመቅ ስታደርገው ዝልግልግ ነጭ ፈሳሽ አወጣ። «በደቡብ በ2004 ዓ.ም. ዝንጅብሉን የፈጀው የዚሁ ወገን ነው፤ ከማሳ ማሳ በዘር ሄደ» አለች።

አጎቴ ግማሹን ድንች ተቀብለው አገላበጡት። ሌላው ገጹ ላይ እንከን አይታይም፤ ገበያ ቢወጣ ማንም ይገዛዋል። ብዙ ዝም አሉ። ብድር እንዳለብን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ «ይህን በዘር ስም ብሸጥ የሰው መሬት መግደሌ ነው» አሉና ነጋዴውን መለሱት። የዳንነው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

የታመመውን ከነሥሩና ከነአፈሩ ነቅለን ከቦዩ ራቅ ባለ ጥልቅ ጉድጓድ ቀበርን። ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይወርድ ቦዩን ዘጋን፤ ዶማውን አጥበን በበረኪና አጸዳን። በቀጣዮቹ ዓመታት በቆሎና ጤፍ ዘራን። ሳይተከል የሚበቅለውን ድንች እየነቀልን፣ የድንች ዘመዶች ከሆኑት ከቲማቲምና ከቃሪያም ራቅን። ብድሩን ቀስ በቀስ ከፈልን። በኋላም የተመረመረ ዘር አግኝተን በማሳው ጥግ ሞከርን፤ አልጠወለገም። አልሐምዱሊላህ።

ድንቹ ከነአረንጓዴነቱ የጠወለገበት ሰው ግንዱን በብርጭቆ ውሃ ይፈትን። ክሩን ካየ ባለሙያ ይጥራ፤ እስከዚያው ከዚያ ማሳ አንድም ፍሬ ለዘር አይውጣ።