በበረዶው ወራት የሚወለወል ሞተር

ጋራዣችሁ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል ያላችሁ ጥቂት እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የአሉሚኒየም ድስት የሌለው ቤት ግን ያለ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ይሄ ነገር ሁላችሁንም ይመለከታል። ድስቱም የሞተሩ ክዳንም አሉሚኒየም ናቸው፤ አንዱን የሚያበላሸው ሌላውንም ያበላሸዋል።

እኔ ሚኒሶታ ውስጥ ምግብ ቤት አለኝ። ሰኞ ሰኞ ዝግ ነን። ያን ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሁለታችንም ጋራዥ እንገባለን፤ እ.ኤ.አ. የ1972 ሆንዳ ሲቢ 350 እየወለወልን ነው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ስንገዛው ባለቤቴ «ይሄ ሞተር ሳይክል ሳይሆን ሞት ሳይክል ነው» ብላ ሁለት ቀን አኩርፋናለች። የታረቅነው በውል ነው፦ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላውና የአነዳድ ትምህርቱን እስኪጨርስ መወልወል ይችላል፣ መንዳት አይችልም። እንግዲህ ሦስት ዓመት የሚያቆይ ሥራ ማግኘት ነበረብኝ። አሉሚኒየም መወልወል ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው።

መጀመሪያ ልጆች የሚወዱትን ልንገራችሁ። አሉሚኒየም አየር እንደነካው ወዲያው በላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይባላል፤ ሩቢና ሳፋየር የሚባሉት የከበሩ ድንጋዮችም በዋናነት ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። ልጄ ይህን ሲሰማ «ሞተራችን ሩቢ ለብሷል ማለት ነው?» አለኝ፤ ያው በእንግሊዝኛ ነው ያለው። ለብሷል ማለት ይቻላል። ግን ይህ ልብስ ሁለት ጠላት አለው፦ ጨውና ኃይለኛ ማጽጃ።

ጨውን የበረዶ አገር ኗሪ ሁሉ ያውቀዋል። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከእርጥበት ጋር ሆኖ አሉሚኒየሙን ይቦረቡረዋል፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣበታል። ማጽጃውን ደግሞ ከወጥ ቤቴ ልንገራችሁ። አዲስ የገባ ልጅ የአሉሚኒየም ትሪዎቹን ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተታቸው፤ ሲወጡ ከሰል መስለዋል። የማሽኑ ሳሙና አልካላይን ስለሆነ ሽፋኑን ይልጠዋል። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲፈትጉ ያበራ የነበረውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው፤ አመድ ውሃ ሲነካው አልካላይን ይሆናል። ድስት ይችለዋል። ሞተር ላይ ኦቨን ማጽጃ የሚነፉ ሰዎች ግን አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት። ብዙዎቹ ኮስቲክ ሶዳ አለባቸው፣ አሉሚኒየሙን ይበሉታል።

የድሮዎቹ ሆንዳዎች ሌላ ጣጣም አላቸው። ፋብሪካው ክዳኖቹን ከወለወለ በኋላ ቫርኒሽ ቀብቷቸዋል። ከ50 ዓመት በኋላ ቫርኒሹ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ከሥሩ ይገባና ትል የሄደበት የመሰለ ነጭ መስመር ይሠራል። በላዩ ላይ ፖሊሽ ብትቀቡ የምትወለውሉት ቫርኒሹን ነው። መጀመሪያ በቀለም ማስለቀቂያ መነሳት አለበት። ጋራዥ ውስጥ የተረሳ የድሮ ቆርቆሮ ካገኛችሁ ጽሑፉን አንብቡ፦ ሜቲሊን ክሎራይድ ካለበት አትክፈቱት። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ገድሏል፤ የአሜሪካው ኢ.ፒ.ኤ.ም ለቤት ተጠቃሚ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ከልክሎታል።

ክዳኑን ከሞተሩ ፈታችሁ ሥሩ። ሞተሩ ላይ እንዳለ ብትፈትጉት አሸዋው ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ ውበቱ ምን ዋጋ አለው! የጃፓን ብሎን አናቱ መስቀል ቢመስልም ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር በደንብ አይገጥምም፤ ለጃፓን ስታንዳርድ የተሠራውን ካልያዛችሁ አናቱ ይበላል። ጓርኒሲዮን የሚቀመጥበትን ጠርዝ ደግሞ በፍጹም አትንኩት፤ ዘይት ያፈሳል።

ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት። 320፣ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ ካስፈለገም 1500፤ ሁሉንም ጠብታ ሳሙና ባለበት ውሃ እያራሳችሁ፣ አቧራው እንዳይነሳ። ቁጥር በቀየራችሁ ቁጥር አቅጣጫ ቀይሩ፤ አንዴ ወደ ላይና ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን። ያለፈው ጭረት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። ልጄ ከ400 በቀጥታ ወደ 1000 ሊዘል ሞከረ፤ ዝም አልኩት። ፖሊሽ ሲቀባው ጭረቶቹ ሁሉ ፊት ለፊት ወጡ፣ ከመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ፀጉር። ምንም ሳይናገር ወደ 600 ተመለሰ።

ይሄ ክፍል ረጅም ነው፤ ለአንድ ክዳን ሰኞዎች ያልቃሉ። እጅ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ሰው ፊት ለፊት አይተያይም፣ ጥያቄ ይቀላል። በ320 ስለ ትምህርት ቤት አወራን። በ600 ላይ ካርቱም ውስጥ ምን እበላ እንደነበር ጠየቀኝ። ከአገር እንዴት እንደወጣሁ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ እኔም እራት ላይ አንስቼው አላውቅም። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ መለስኩለት፤ ያልገባውን ቃል ወረቀቱን አቁሞ አስደገመኝ።

ፖሊሽ ስትቀቡ ጨርቁ ይጠቁራል። አትደንግጡ፣ የሚወጣው አሉሚኒየሙ ራሱ ነው፤ ለዓመትም ብትፈትጉት መጥቆሩ አይቆምም። የብረት ሱፍ አትጠቀሙ፤ ቅንጣቱ ተሰክቶ ይቀርና ቀይ ዝገት ያወጣል። በማሽን የምትወለውሉ መነጽርና ማስክ አድርጉ፤ ማሽኑንም ለብረትና ለአሉሚኒየም በጋራ አታድርጉት። የደቀቀ አሉሚኒየም ይቀጣጠላል፤ ከብረት ዝገት ጋር ሲደባለቅ ደግሞ የባቡር ሐዲድ የሚበየድበት ቴርማይት የሚባለው ነገር ነው።

ካበራ በኋላስ? ብዙ ሰው እንደገና ቫርኒሽ ቀብቶ መገላገል ይፈልጋል። እኔ አልደግፍም። መስታወት የሆነ ነገር ላይ ቫርኒሽ አጥብቆ አይይዝም፤ ጥቂት ቆይቶ ይላጣል፣ ያ ትል ተመልሶ ይመጣል። ራቁቱን ተዉትና ሰም ቀቡት፤ ሲደበዝዝ በፖሊሽ አሸት አድርጎ እንደገና ሰም ነው። ጨው ከነካው በዚያው ቀን በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል። «አሉሚኒየም አንጪ» እየተባሉ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለባቸው፤ ቆዳ ላይ መጀመሪያ ላያም ይችላል፣ ውስጥ ውስጡን ግን እስከ አጥንት ይዘልቃል። ልጆች ባሉበት ቤት እንዲህ ያለ ጠርሙስ ባይገባ ይሻላል። ስትገጥሙ ብሎኖቹን መጣበቅን የሚከላከለውን ቅባት ቀቧቸው፤ ብረት ከአሉሚኒየም ጋር ሲከርም ተጣብቆ ይቀራል።

የግራው ክዳን አልቋል። ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት አንስታ ፊቷን አየችበትና «እስቲ የምግብ ቤቱን ድስቶችም እንዲህ አድርጉልኝ» አለች። ስለ መንዳት ምንም አላለችም። የቀኙ ገና ነው፤ እሱ ላይ ስለ አያቱ እንደምነግረው ቃል ገብቼለታለሁ። 320 ቁጥሩን ወረቀት ገዝተናል።