መጽሔት ወደ ካማሺ ሲጓዝ

አንባቢ ሆይ! ከአሶሳ ወደ ካማሺ ብትነሣ መንገዱ በወለጋ በኩል አዙሮ ያገባሃል። ከዓባይ በስተደቡብ በምትገኘው በዚህች የጉሙዞች አገር ሳምንታዊ መጽሔት ዘግይቶም ቢሆን ይነበባል። ማየት የተሳነው ተማሪ ግን በምን ያንብበው?

ችግሩ ከክብደት ይጀምራል። ብሬል በስድስት ነጥብ ይጻፋል፤ በአማርኛም «ሙ» ለማለት አንድ ምልክት ለተነባቢው፣ ሌላ ለአናባቢው ያስፈልጋል። ስለዚህ በብብትህ የያዝከው ቀጭን መጽሔት በወፍራም ወረቀት ሲወጣ ትልቅ ጥራዝ ይሆናል። ያንን ጥራዝ በአውቶቡስ ላይ ከማሽላ ጆንያ ሥር ጭነኸው እንደሆነ ነጥቦቹ ይደፈጠጣሉ፤ ጣትም የሚያነበው ያጣል።

ፖስታ ይሻላል። ዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1952 ለዓይነ ስውራን የሚላክ ጽሑፍ ከፖስታ ክፍያ ነጻ እንዲሆን ወስኗል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የገባችበት የማራኬሽ ስምምነትም የደራሲው ፈቃድ ሳይጠየቅ ጽሑፍን በብሬል ወይም በድምፅ ማባዛትን ይፈቅዳል።

እኔ ብጠየቅ ወሬውን በድምፅ ቀድቼ በሚሞሪ ካርድ፣ ትምህርቱን በብሬል እልክ ነበር፤ ካርዱ ከተራ ደብዳቤ አይከብድማ! ብሬሉን ግን አልተውም፤ የቃል አጻጻፍ በጆሮ አይለመድም።

አንድ ቅጂ ለብዙ አንባቢ ከሆነ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱ ሹም ስም መዝግቦ ተራውን በየዕትሙ ያዙር፤ አለዚያ መጨረሻ የተጻፈው ሰው ዘወትር ያለፈውን ወር ወሬ ያነባል።