በደብተሬ ወረቀት የተጠቀለለች ጥይት

ባለፈው እሑድ ቤት ስናጸዳ የስድስት ዓመቷ ልጄ ከአንድ አሮጌ ሳጥን ውስጥ የሆነ ነገር ይዛ መጣችና «አባዬ፣ ይሄ የማነው ሊፒስቲክ?» አለችኝ።

ዞር ብዬ ሳየው ላብ አጠመቀኝ። የአያቴ የውጅግራ ጥይት ናት። ያልተተኮሰች። ሃያ ስንት ዓመት ሙሉ እዚያ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫት ረስቻት ኖሯል። ቀስ ብዬ ከእጇ ተቀበልኳት። የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ውጅግራን ለማታውቁት ልጆቼ ባጭሩ ልንገራችሁ። ስሙ የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። አንድ ታጎርሳለህ፣ ትተኩሳለህ፣ ቀለሁን አውጥተህ ሌላ ታጎርሳለህ፤ በቃ። በካውቦይ ፊልም እንደምታዩት፣ ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ወደ ላይ እያደረጉ በላይ በላዩ የሚያንጣጡት ዓይነት አይደለም። በምኒልክ ዘመን በብዛት አገራችን ገብቷል። ጥይቱማ በየገበያው ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ገንዘብ ዕቃ ይገዛ ነበር።

የእኛው ውጅግራ የቅድመ አያቴ ነበር። አያቴን «አባባ» ነበር የምንለው። ጣሊያን ሲገባ ገና ልጅ ነበር፤ አባቱን ተከትሎ ጫካ ገባ። ሥራው ስንቅ መሸከምና ቀለህ መልቀም ነበር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ እስኪወጣ ድረስ ስንት ቀለህ እንደለቀመ እሱ ነው የሚያውቀው። «ተኩሶ ቀለሁን ያልለቀመ፣ አጭዶ ነዶውን ሜዳ ጥሎ እንደሄደ ነው» ይለን ነበር። ለምን ብትሉ፣ ያ ባዶ ናስ ተመልሶ ይሞላላ!

ከአገር ሰላም በኋላም ይህን ልማድ አልተወም። እኔ 4ኛ ክፍል ሆኜ፣ 1988 ዓ.ም. መሰለኝ፣ ከፍኖተ ሰላም ለክረምት ገጠር እሱ ዘንድ ስሄድ ሲሠራ በዓይኔ አየሁት። ቀለሁን በሙቅ ውሃ ያጥባል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቃል። እርሳስ ያቀልጥና ከድንጋይ በተፈለፈለ ቅርጽ ውስጥ ያፈሳል። የረጋውን እርሳስ አንድ በአንድ እያገላበጠ ያያል፤ ትንሽ ጎድጎድ ያለበት ከተገኘ ተመልሶ ይቀልጣል። ጥቁሩን ባሩድ በራሱ መስፈሪያ ይለካል፤ ያኔ ማንም አጠገቡ አያወራም። አያቴ እንኳ ምጣድ አትጥድም።

መጨረሻ ላይ እርሳሱ በወረቀት ይጠቀለልና ሰም ይቀባል። ወረቀቱ ከየት ይምጣ? ከእኔ ደብተር ነዋ!

«አንት ልጅ፣ እስቲ ያን ደብተርህን አምጣው» አለኝ። ላወጣለት ስል ደግሞ ያዝ አደረገኝ። «ኤክስ ያለበትን ገጽ ቅደድልኝ። እርማት ያገኘውን አስቀምጥ፣ ይጠቅምሃል። ስሕተቱ ግን ይተኮስ።»

የሂሳብ ደብተሬ ውስጥ ኤክስ ችግር አልነበረም። ሦስት ገጽ ቀደድኩለት፣ ሦስት ጥይት ሠራ። «ለምንድን ነው አባባ?» ብለው «ለቀብሬ» አለኝ፣ በግ ለበዓል እንደሚያስር ሰው ረጋ ብሎ።

በ1990 አረፈ። ለቅሶው ላይ ቀረርቶው ደመቀ፣ አጎቴ ያን ውጅግራ ይዞ ወጣ። ሁለት ጊዜ ተኮሰ። የጥቁር ባሩድ ጭስ ነጭ ነው፣ ከባድ ነው፤ ሰዉን ሁሉ ሸፈነው። እኔ ልቅሶውን ትቼ ሰማይ ሰማይ አያለሁ፤ የሂሳብ ስሕተቴ እየሄደ እኮ ነው! ሦስተኛዋን አጎቴ ለእኔ ሰጠኝ። «ያንተ ወረቀት ያለበት ነው፣ ያዘው» አለኝ። ይቺ ናት እንግዲህ ልጄ ሊፒስቲክ ያለቻት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ የአጎቴ ልጅ የአባባን ሥራ ልሞክር አለ። ቀለህ ነበረው፣ እርሳስም ነበረው። ጥቁር ባሩድ ስላጣ የክላሽ ጥይት ፈትቶ የዚያን ባሩድ ሞላበት። ባሩድ ባሩድ ነው ብሎ። ሲተኩሰው መዝጊያው አካባቢ ፈነዳ፤ ግራ ዓይኑን አጣ። ውጅግራውም ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን የለም።

ያኔ የሚያስረዳን ሰው አልነበረም። ዛሬ በዲፕሎማዬም ቢሆን ፊዚክስ አስተምራለሁና ላስረዳችሁ። ፖል ቪዬይ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚሁ ባሩድ የሚሠራው ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ለበል ወጣ፤ የእኛ ሰው «ለበን» የሚለው። አዲሱ ባሩድ በእኩል መጠን ከጥቁሩ እጅግ የበለጠ ግፊት ይፈጥራል። ለዚህ ነው ጠመንጃውም አብሮ የተቀየረው። የውጅግራ ብረት የተሠራው ለጥቁሩ ነው። አዲሱን አሮጌው ውስጥ ስትከተው ግፊቱ መውጫ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው የቅርቡን ሰው ፊት ነው።

ክፍል ውስጥ ስለ ኪኔቲክ ኢነርጂ ሳስተምር ይህን እጠይቃለሁ፦ 25 ግራም የሚመዝን፣ በሴኮንድ 450 ሜትር የሚሄድ የውጅግራ እርሳስና 8 ግራም የሚመዝን፣ በሴኮንድ 715 ሜትር የሚሄድ የክላሽ ጥይት፣ የትኛው ይበልጣል? ክፍሉ በሙሉ «ክላሽ!» ይላል። ሲያሰሉት ውጅግራው ወደ 2,530 ጁል፣ ክላሹ ወደ 2,045 ጁል ይመጣል። ታስታውሳላችሁ አይደል? ተከራክራችሁኛል እኮ!

ያኔ ያልነገርኳችሁ ሌላ ነገር ነበር። ክላሽ በደቂቃ 600 ይተፋል፣ ማንም አይቆጥርም። አባባ ግን በዕድሜው የተኮሳትን እያንዳንዷን ያውቃት ነበር። የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት። አንዷን ለመሥራት ግማሽ ቀን የፈጀበት ሰው ዝም ብሎ አይተኩስም። ጀግንነቱን ብዙ ሰው ያወራል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ያ ቆጠራው ነው። ድምፅ በሰማን ቁጥር ልጆቻችንን ከመስኮት የምናርቅ ሰዎች፣ ይህ ነገር ይገባናል ብዬ አስባለሁ።

ወደ ጥይቷ ልመለስ። ላስቀምጣት አሰብኩ፣ ቅርስ ናት። ግን የልጄ እጅ ትዝ ይለኛል፣ የአጎቴ ልጅ ዓይን ትዝ ይለኛል። ሰኞ ከሰዓት ለአጎቴ ወሰድኩለት። አሁን ሸምግሏል፤ እጁ ግን አልተንቀጠቀጠም። እርሳሱን ነቅሎ ባሩዱን መሬት ላይ በተነውና ውሃ ደፋበት። (እባካችሁ ማንም ራሱ እንዳይሞክረው! ቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ነገር ካለ ለልጅ በማይደርስበት አርቁት፣ የሚያውቅ ሰው ጥሩ።)

ከዚያ ወረቀቱን ቀስ ብለን ተረተርነው። ሰሙ ቢጫ አድርጎታል፣ ግን ይነበባል። በእኔ ጠማማ የ4ኛ ክፍል ጽሕፈት «7 × 8 = 54» ይላል፤ ከጎኑ ትልቅ ቀይ ኤክስ።

አጎቴ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ትንሽ ዝም አልኩ። አባባ ሁለቱን ስሕተቴን ይዞልኝ ሄዷል። ይቺ ቀርታ ነበር።

ባዶውን ቀለህ ለልጄ ሰጠኋት፤ እርሳስ መቅረጫዋን ታስቀምጥበታለች። ወረቀቱን የትምህርት ዕቅድ ደብተሬ ውስጥ ለጠፍኩት፣ ከሥሩም በእስክሪብቶ አረምኩት፦ 56።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።