ፊርማህን አታበድር

ይድረስ ለእናቱ ዓይን ማረፊያ፣ ለውድ ልጅ።

እናትህ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ታክሲው ልትመክርህ አስባ ነበር። እሁድ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቆ ሳትነግርህ ቀረች። አሁን ብዕር ስታነሳ ያ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ነገር ብቻ ይመጣባታል፦ አንተን መድኃኒት ፋብሪካው ላብራቶሪ አስቀጥሮ ለቤቱ ውለታ የዋለው ሰው ቡና ላይ የተናገረው። «አይዞህ፣ ሥራው ቀላል ነው፤ አንዳንዴ ውጤቱ እስኪደርስ ፊርማው ይቀድማል» አለህ። አንተ ሳቅህ። እናትህ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

ሥራው እንዴት እንደተገኘ ቤቱ ያውቃል። በኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ የተመረቀ ልጅ ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ይወጣል፣ ከባሕር ዳርም ይወጣል። ማስታወቂያው ሲወጣ ግን «በኬሚስትሪ፣ በኬሚካል ምህንድስና፣ በምግብ ምህንድስና ወይም በተመሳሳይ ሙያ» ይላል፤ ለአንዲት ወንበር የሦስት የአራት ትምህርት ክፍል ልጆች ይሰለፋሉ። ከሥሩ ደግሞ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይጨመራል። ልምዱ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ሰው ሰውን ያስገባል፤ የገባውም አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። እናትህን የሚያስፈራት ይህ አንገት መድፋት ነው።

ገበያው ልጅን እንዴት እንደሚያስፈራራ እሷም አይታለች። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም ሲመረቅ ወሬው ሁሉ ስለ ሥራ ነበር፤ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ፓርክ ስለሆነ ኬሚስትም የሚፈልግ ቦታ ነበር። በ2014 ዓ.ም አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎአ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል እንደምታስወጣ ስታሳውቅ ግን ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ ዘግቶ ወጣ። የዚያን ጊዜ ሥራ የፈታው ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልነበረችም። ከዚያ ወዲያ ሐምሌ 2016 ዓ.ም መጣ፤ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲተው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሽሮፕ የሚሠራበት ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚገዛው በዚሁ ዶላር ነው። ዕቃ ሲወደድ ርካሽ ፍለጋ ይጀመራል፤ ርካሹ በርሜል በሩ ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚጠየቀው የአንተ ፊርማ ነው።

እናትህ ላብራቶሪ የገባችው ወንጂ ነው። ሆላንዶቹ በ1946 ዓ.ም ስኳር ማምረት የጀመሩበት ፋብሪካ እሷ ስትደርስ የመንግሥት ከሆነ ቆይቷል። በሌሊት ፈረቃ የሸንኮራ አገዳውን ጭማቂ እየቀዳች የሟሟውን ጠጣር (ብሪክሱን) በሪፍራክቶሜትር፣ የስኳሩን መጠን (ፖሉን) በፖላሪሜትር እያየች መዝገብ ላይ ታሰፍር ነበር። የሞላሰሱ ሽታ ነጠላዋ ላይ ሲቀር፣ ሕፃን ሆነህ ጠረኗን እየሳብክ ትተኛ እንደነበር አንተ አታስታውሰውም። ያን ጊዜ አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ገብታ ኬሚስትሪ የመማር ምኞት ነበራት። አልሆነም። ቁጭቱ የወጣው አንተ ጋዋን ለብሰህ የተነሳኸውን ፎቶ የላክህ ቀን ነው። ተባረክ የኔ ጌታ፤ ከእሷ የቀረው ሁሉ በአንተ ይሙላ።

የወንጂን ውሃ ግን ታስታውሳለህ። ጥርት ያለ ነው፤ ቢጠጡት ምንም አይልም። ሆኖም በዚያ ስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ከፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ ብዙ ዓመት የጠጡት አዛውንቶች ጀርባቸው ደረቀ። ዓይንም ምላስም ያንን አልለዩትም፤ የለየው ልኬት ነው። ከዚያ በኋላ ነው በአጥንት ከሰል የማጣራቱ ነገር የመጣው። እናትህ ለቁጥር ያላት አክብሮት ከዚያ የመጣ ነው።

በአንተ መድኃኒት ፋብሪካም ነገሩ እንዲሁ ነው። ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚሉት ፈሳሽ እንደ ግሊሰሪን ጠርቶ ይታያል፣ እንደ ግሊሰሪን ይጣፍጣል፣ ዋጋውም ይረክሳል፤ ኩላሊት ግን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ አንድ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በዚህ ፈሳሽ በጥብጦ፣ የእንጆሪ ጣዕም ሰጥቶ ሸጠ። ዋና ኬሚስቱ ሃሮልድ ዋትኪንስ ነበር። ጣዕሙ፣ መልኩና ሽታው ታየ፤ መርዝነቱ አልተፈተነም። ከ100 ሰው በላይ ሞተ፣ ከእነሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። ዋትኪንስም ፍርድ ሳይሰጥ ራሱን አጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1938 የአሜሪካ የመድኃኒት ሕግ የተቀየረው በዚህ ምክንያት ነው። ሕግ ወጣ ብለህ ግን አለቀ እንዳትል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ 70 የሚጠጉ ሕፃናት በኩላሊት ጉዳት ሞቱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሽሮፑ ውስጥ ካገኛቸው መርዞች አንዱም ያው ዳይኤቲሊን ግላይኮል ነበር። በኢንዶኔዥያና በኡዝቤኪስታን ከሞቱት ጋር ሲደመር ቁጥሩ ከ300 በለጠ። ከእነዚህ ጠርሙሶች ጀርባ «ተፈትሿል» የሚል ወረቀት ሳይኖር አልቀረም። አንድ ሰው ፈርሞበት ይሆናል። እናትህ ሌሊት የምታስበው ያንን ፈራሚ ነው፤ ክፉ ሰው አይመስላትም። ያስቀጠረውን ሰው ማሳፈር የከበደው ልጅ ይመስላታል።

ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ ቤቱ አይቶታል፤ አባትህ ከሚሠራበት ፋብሪካ የወጣበትን ክረምት አንተም ስለምታውቀው መድገም አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ቤቱ ምን እንደበላና ምን እንደሸጠም ታውቃለህ። እናትህን እስከ ዛሬ የሚቆጫት እሱ ይህን ቀን ሳያይ መሄዱ ነው፤ ጋዋንህን በእጁ ይተኩስልህ ነበር። ነፍሱን ይማር። አንተን ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ።

እንግዲህ ውለታውን ክፈል፤ በዓል ሲመጣ ሂድለት፣ ቢታመም ጠይቀው፣ ልጁን አስጠናለት። ፊርማህን ግን ለማንም አታበድር። በርሜሉ ሳይፈተሽ «ፈርም» ካሉህ «ናሙናው ገና ክሮማቶግራፊው ላይ ነው» በል፤ ይህ እውነት እንዲሆን ደግሞ ሁልጊዜ ናሙናውን አስቀድመህ ውሰድ። የበርሜሉን የሎት ቁጥር በራስህ ደብተር በቀለም ብዕር ጻፍ። ሌላ ልትመክርህ የምትችለው ብዙ የለም፤ መሣሪያው ከእሷ ዘመን ርቆ ሄዷል፣ አንተ ትበልጣታለህ። ሹራብህን ልበስ ብቻ። ቅድስት ማርያም ከፊት ከኋላህ ትሁን።

የመጀመሪያውን ደመወዝ እንዳትልክ፤ ለሦስት ወር ኪራይ አስቀምጠው። ያ ገንዘብ ኪስህ ውስጥ ካለ «አልፈርምም» ለማለት አንደበትህ አይያዝም። ቢያባርሩህም ማንንም ሳታማክር ቀጥ ብለህ ና። ሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች አሉ፣ የታሸገ ውሃ የሚያመርቱ አሉ፣ ሲሚንቶው አለ፤ ሁሉም ላብራቶሪ አላቸው። ሥራው ዓመት ቢፈጅም እህትህ ማመልከቻውን ትጽፍልሃለች፣ እናትህም የጡረታ አበሏ በደረሰ ቁጥር የታክሲህን ትሰጥሃለች። አልጋህ እንደተነጠፈ ነው።

እናትህ