የተከፈተው ግማሽ

ሀና ማርያም ሆኜ የምገለገልበት ፓይንፎን በሊኑክስ የሚሠራ ስልክ ነው። ጥሪ የሚያስተናግደው ኩዌክቴል ኢጂ25-ጂ ሞደም ደግሞ የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ሊኑክስ ያለው ሌላ ኮምፒውተር ነው። በበጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀው ክፍት ፈርምዌር የሚተካው ይህን የውስጥ ሊኑክስ ነው፤ ከማማው ጋር የሚነጋገረው የሬዲዮ ክፍል እንደ ቀድሞው ዝግ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ግማሹን መክፈት ምን ይጠቅማል? ሕመምተኛ እናቴ ከጎንደር በሌሊት ብትደውል የተኛው ስልክ መንቃት አለበት። ሳይነቃ ቢቀርና ምክንያቱ በዚያ ሊኑክስ ውስጥ ቢሆን፣ የክፍቱን ኮድ መርምሬ ላርመው እችላለሁ፤ በፋብሪካው ፈርምዌር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረኝ አጥፍቶ ማብራት ነው። ስለዚህ ክፍቱን መርጫለሁ። ምስጢሬን ይጠብቃል ብዬ ግን አልተማመንበትም፤ ለዚያ ከጀርባ ክዳኑ ሥር ያለውን፣ የሞደሙን ኃይል የሚያቋርጠውን ማብሪያ ማጥፊያ እጠቀማለሁ።