የእናቶቻችን እጅ፣ የልጆቻችን ሪዝቅ



በእኛ በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ፣ ሰው ለሚወደው ሰው የሚሰጠው ስጦታ ከሱቅ ተገዝቶ የሚመጣ አልነበረም። ኒካሕ ሲታሰር የሙሽሪት መሶብና ሰፌድ ከእናቷ፣ ሙዳዩ ከአክስቷ ይመጣል። ሕፃን ተወልዶ አቂቃ ሲወጣለት የሚታቀፍበት ጨርቅ የአያቱ ፈትል ነው። ለዒድ አባት የሚለብሰው ጋቢ እናት ክረምቱን ሙሉ እንዝርት ስታሾር የከረመችበት ነው። ተቀባዩም ዕቃውን ሲያይ ዋጋውን አይጠይቅም፤ «የማን እጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የሰጪዋን ስም ያስከብራል።

ይህ ልማድ ከሃይማኖታችን ጋር የተስማማ ነው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ስጦታ መለዋወጥ በሰዎች መካከል ፍቅርን እንደሚያመጣ አስተምረዋል። ሰህል ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አንዲት ሴት በገዛ እጇ የሸመነችውን ኩታ ይዛ ወደ ነቢዩ ዘንድ መጣች፤ እርሳቸው እንዲለብሱት ብላ እንደሠራችውም ነገረቻቸው። ነቢዩም ልብሱ ያስፈልጋቸው ስለነበር ተቀብለው ለበሱት። ወዲያው አንድ ሰው ልብሱ እንዳማረው ተናግሮ ሲለምናቸው አጣጥፈው ላኩለት። ሰዎች ቢወቅሱትም ሰውየው የፈለገው ለከፈኑ መሆኑን ገለጸ፤ ሲሞትም በእርሱ ተከፈነ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የዚያች ሴት ስም በዚህ ዘገባ ውስጥ አልተጠቀሰም፤ የእጇ ሥራ ግን ይኸው ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በኋላም ይነገርላታል።

የእጅ ሥራ ለጎጃም ሙስሊም ከስጦታም በላይ ነው። በቀድሞው ዘመን በብዙው የደጋ አገር ሙስሊሞች ርስት እንዳይዙ ተከልክለው ስለነበር አያቶቻችን ኑሯቸውን የመሠረቱት በንግድና በሽመና ላይ ነበር። ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ትባል በነበረበት በ19ኛው ምዕተ ዓመት በየጁቤ አቅራቢያ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና ዝባድ በአሞሌ ጨው የሚለወጥበት ታላቅ ገበያ ነበር፤ ሙስሊም ነጋዴዎችም ስመ ጥር ነበሩበት። መሬት ያልነበረው ሰው መወርወሪያውን እንደ ሞፈር፣ የሸማ ጉድጓዱን እንደ እርሻ ቆጥሮ ልጆቹን አሳደገ።

ይሁን እንጂ የሠራው ሰው በሥራው ይሰደብ ነበር። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» ይባል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው! በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የመሬቱ ክልከላ ቀረ፤ የስድቡ ጠባሳ ግን በሰው ልብ ውስጥ ቆይቷል። ይህን የማነሳው ያለምክንያት አይደለም፤ ጠባሳው በእኛም ቤት ውስጥ አለና።

እኔ በቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ ደግሞ በመድረሳ የማስተምር ሰው ነኝ። በሁለቱም ቦታ ከተማሪዎቼ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከ12ኛ በኋላ ምን እንሁን?» የሚል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጆች ዘጠና ስድስት ወይም ዘጠና ሰባቱ ግማሹን ውጤት አላመጡም ማለት ነው። ከእነዚያ አንዷ ታናሽ እህቴ ነበረች።

ውጤቱ ከተሰማ በኋላ እህቴ ከቤት መውጣት አስጠላት። እናታችን ብዙ ቃል የላትም። አንድ ቀን ማለዳ ወስፌዋን አነሳችና በመስከረም አጭዳ ያደረቀችውን ስንደዶና አክርማ እህቴ ፊት አስቀምጣ «እጅሽ ሥራ ካልያዘ ልብሽ ሐሳብ ይይዛል» አለቻት። አክርማው ተጠቅልሎ የስፌቱ አካል ይሆናል፤ የተሰነጠቀው ስንደዶ ደግሞ እየተጠመጠመ ይሰፋል፤ በቀለም የተነከረው አለላ ጥለቱን ያወጣል። ሰፌድ ለማጅ ነው፣ ሙዳይ ለበረታ፣ ባለክዳን መሶብ ደግሞ ለባለሙያ። እህቴ በሦስት ወር ውስጥ ከሰፌድ ወደ ሙዳይ ተሻገረች፤ ለጎረቤታችን ልጅ ኒካሕም አረንጓዴና ወይን ጠጅ አለላ የገባበት ሙዳይ ሰጠች። በሠርጉ ላይ ሦስት ሴቶች «የማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ አንዷ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣች እንግዳ ነበረችና «ለእኔም ሁለት ሥሪልኝ፤ ስንት ነው?» አለች።

ችግሩ የተነሣው በዚህች «ስንት ነው?» በምትለው ጥያቄ ነው። እናታችን ተቆጣች። «እኔ ሰፍቼ የሰጠሁት እንጂ የሸጥሁት የለም። በዋጋ ከሆነ በረካው ይሄዳል» አለች። ሸማኔ የሆነው አጎታችን ደግሞ ከእርሷ ብሶ አዘነ። «እኔ ዕድሜዬን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ እናንተን ያስተማርሁት ከጉድጓድ እንድትወጡ ነበር። አሁን ደግሞ የእኛ ልጅ ስፌት ተሸክማ ገበያ ልትወጣ?» አለ። እህቴ ዝም ብላ አለቀሰች። የአጎታችን ቁጣ ከንቀት የመጣ አልነበረም፤ በወጣትነቱ በሥራው የተሰደበ ሰው ሕመም ነበር።

በዚያ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሁላችንም ተቀምጠን ተነጋገርን። እኔም ከመድረሳ የተማርሁትን ሁለት ታሪክ ነገርኋቸው። የመጀመሪያው የዐብዱላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ባለቤት ታሪክ ነው። እርሷ የእጅ ባለሙያ ነበረች፤ የሠራችውን እየሸጠች ባሏንና ልጆቿን ትረዳ ነበር። ገንዘቧን ለቤተሰቧ ስታወጣ ሰደቃ የምታደርግበት ስለማይተርፋት ተጨንቃ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች፤ እርሳቸውም ለእነርሱ በምታወጣው ምንዳ እንዳላት ነገሯት። ሁለተኛው የምእመናን እናት የዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ነቢዩ ከሚስቶቻቸው መካከል ፈጥና የምትከተላቸው እጀ ረጅሟ መሆኗን በተናገሩ ጊዜ እናቶቻችን እጃቸውን ይለካኩ ነበር። ዘይነብ በ20ኛው ዓመተ ሒጅራ ቀድማ ስትሞት የእጅ ርዝመት ማለት ልግስና መሆኑ ገባቸው። እርሷ ቆዳ እያለፋችና እየሰፋች ከምታገኘው ትመጸውት ነበርና።

አጎታችን ለረጅም ጊዜ አቀርቅሮ ቆየ። በመጨረሻ «እንግዲያው ነውሩ ከሥራው ሳይሆን ከተሳዳቢው ነበር» አለ። እናታችንም ከብዙ ማሰብ በኋላ አንድ ሸርጥ አስቀመጠች፤ ከአሥር አንዱ ሥራ እንዳይሸጥ፣ ለተቸገረች ሙሽራ ወይም ለጎረቤት በስጦታ እንዲሰጥ። ይህ ሸርጥ እስከ ዛሬ በቤታችን ጸንቷል። መሸጥና መስጠት እንደ ጣውንት ተጣልተው እንዳይኖሩ ያስማማቸው እርሱ ነው።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለው የዋጋ ነገር ነው። አብዛኞቹ ባለሙያዎቻችን የሚከስሩት የገዛ ድካማቸውን ስለማይቆጥሩ ነው። የስንደዶና የቀለም ዋጋ ተይዞ ቀኑ ይረሳል። እስኪ ለምሳሌ እናስላ። የአንድ መሶብ ስንደዶ፣ አክርማና ቀለም 400 ብር ቢፈጅ፣ ሥራው 12 ቀን ቢወስድ፣ የቀኑ ድካም በ150 ብር ቢታሰብ 1,800 ብር ይሆናል፤ ማጓጓዣው 100 ብር ቢጨመር ጠቅላላው 2,300 ብር ነው። ይህን መሶብ በ1,200 ብር የምትሸጥ እህት 1,100 ብር ከጉልበቷ ከፍላ ለገዢው ሰጠች ማለት ነው። ስጦታ መስጠት ከፈለገች አውቃና ነይታ ትስጥ፤ ሳታውቅ መስጠት ግን ልግስና አይባልም። በደብተር መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ንግዱ አድጎ የሸቀጡና የገንዘቡ መጠን 85 ግራም ወርቅ የሚያወጣ ከሆነና ዓመት ከሞላው ደግሞ 2.5 በመቶ ዘካ ስለሚወጣበት ያልጻፈ ሰው ዘካውንም ማስላት አይችልም።

ሁለተኛው የትእዛዝ ነገር ነው። ገና ያልተሠራ ዕቃ ለመሥራት መዋዋል በሸሪዓችን «ኢስቲስናዕ» ይባላል፤ የዕቃው ዓይነት፣ መጠን፣ ዋጋና የመረከቢያ ጊዜ ተለይቶ መነገር አለበት። «የሚያምር መሶብ» ማለት ውል አይደለም፤ ወርዱ ስንት ክንድ፣ ቀለሙ ምን፣ ለመቼ የሚለው ነው ውል። እህቴ ይህን የተማረችው በፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከአዲስ አበባ የአራት መሶብ ቀብድ ተቀበለች፤ በገንዘቡም ስንደዶ ገዛችበት። በነሐሴ ወር በክልላችን ግጭት ተነሣ፤ መንገድ ተዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። መሶቦቹ ተሠርተው እቤት ቀሩ፤ ቀብዱ ግን የሰው ገንዘብ ነው። እናታችን አንድ በግ ሸጠች፤ እህቴም ገዢዋን በስልክ ፈልጋ አግኝታ «ገንዘብሽን ልመልስልሽ» አለቻት። ሴትየዋ «መንገድ እስኪከፈት እጠብቃለሁ፤ አማናሽን አየሁት» ብላ መለሰችላት። መንገዱ ሲከፈት አራቱም መሶቦች ሄዱ፤ ያቺው ደንበኛ ሌሎች ሁለት ደንበኞች አመጣች። ከዚያ ወዲህ እህቴ ቀብድ ስትቀበል ግማሹን ሳትነካ ታስቀምጣለች፤ ሩቁን ገበያ ብቻ ተማምናም አትሠራም፤ ለደብረ ማርቆስ ሠርግና ለአካባቢው ገበያ የሚሆን ሰፌድና ሙዳይ ሁልጊዜ በእጇ አለ።

ሦስተኛው እውነተኛነት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ነጋዴው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ገሥጸውታል። ለእኛም ሥራ ይኸው ይሠራል። ቀለሙ የሚለቅ አለላ፣ ውስጡ በላላ አክርማ የተሞላ መሶብ፣ በፋብሪካ ክር ተሠርቶ «የእጅ ፈትል ነው» የሚባል ጋቢ ሁሉ ከሥሩ የረጠበ እህል ነው። በዛሬው ጊዜ የአገር ልብስን ጥለት በማሽን ያተሙ ርካሽ ጨርቆች ገበያውን አጥለቅልቀዋል። በዋጋ ልናሸንፋቸው አንችልም፤ አራት ድርብ የሆነውንና በእጅ የተፈተለውን ጋቢ እንዳለ፣ በእውነት ብንሸጥ ግን የሚያውቅ ሰው ይፈልገናል።

አራተኛው የመነሻ ገንዘብ ነው። ለስፌት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሣሩ ክረምቱ ሲወጣ ከሜዳ ይታጨዳል። ሽመና ግን ክር ይፈልጋል። ወለድ ያለበትን ብድር የሚሸሽ ሰው ከዘመድ በቀርድ ሐሰን ሊጀምር፣ በጎረቤት እቁብ ሊጠራቀምለት ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ በአገራችን የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። ቢሆንም ገበያውን ሳይሞክሩ ወደ ዕዳ መግባት አይመከርም። አስቀድሞ ሦስት ዕቃ ሠርቶ መሸጥ፣ ከዚያ በኋላ ማሰብ ይሻላል።

«ከእጅ ሥራ ምን ይገኛል?» ለሚሉ ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። በሐረር የቤቶች ግድግዳ እናቶች በሰፏቸው ስፌቶች ያጌጠ ነው፤ ሙያውም ከእናት ወደ ሴት ልጅ እየተላለፈ እዚህ ደርሶ ዛሬ የከተማዋ መታወቂያ ሆኗል። በአዲስ አበባ ደግሞ ቤተልሔም ጥላሁን የተባለች ወጣት ባደገችበት በዘነበወርቅ ሰፈር በእጅ የተፈተለ ጥጥንና አሮጌ የመኪና ጎማን ይዛ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት አቋቁማ ምርቷን ለዓለም ገበያ አቅርባለች። የጎማ ጫማውን፣ ማለትም በረባሶውን፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልዩነቱ እርሷ አለመናቋ ነው።

እናቶች ሆይ፣ የምታውቁትን ሙያ «ኋላ ቀር ነው» ብላችሁ ከልጆቻችሁ አትደብቁ። አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ወስፌ ስትይዝ ወይም ወንዱ መወርወሪያ ሲጨብጥ ትምህርቱ ከንቱ ቀረ አትበሉ፤ ሒሳቡን፣ ጽሕፈቱንና ውሉን የሚያግዘው ያ ትምህርት ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ፈተና የወደቀ ሰው ከሕይወት አልወደቀም። ነቢዩ ዳዉድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳሉ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር አንርሳ።

አላህ (ሱ.ወ) እጆቻችንን ለሐላል ሪዝቅ የሚተጉ፣ ለሰደቃና ለስጦታም የሚረዝሙ ያድርግልን፤ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።